ፎርዝ ላይ አሬይ፦ 18 አስቀምጬ 1052946 የሚወጣው ለምንድን ነው?

ጠጠር_ቆጣሪ (#1)

ሰላም ለሁላችሁ። ጂፎርዝ (የፎርዝ ፕሮግራም ቋንቋ አንድ ሲስተም) ላይ፣ በ64 ቢት ሊኑክስ፣ የ24 ሰዓት ሙቀት የሚይዝ አሬይ (በተራ ቁጥር የተደረደሩ ዋጋዎች) እየሠራሁ ነው። ኮዱን እዚህ እንደተለመደው በፊደል ጽፌዋለሁ፤ ክሪኤት፣ አሎት፣ ሴልስ፣ ዱፕ የመሳሰሉት ከመደበኛዎቹ ቃላት ጋር በሲኖኒም የታሰሩ ናቸው።

ክሪኤት ሙቀት 24 አሎት
: ሙቀት@ ( ተራ -- ዋጋ ) ሙቀት + @ ;
: ሙቀት! ( ዋጋ ተራ -- ) ሙቀት + ! ;

18 0 ሙቀት!
17 1 ሙቀት!
16 2 ሙቀት!
0 ሙቀት@ .

18 ይወጣል ብዬ ስጠብቅ 1052946 ይወጣል። 1 ሙቀት@ ደግሞ 4113 ይሰጣል። 2 ሙቀት@ ግን ትክክለኛውን 16 ይሰጣል። ሁሉንም 24 ቦታ ከሞላሁ በኋላ ደግሞ ሙቀት@ የሚለው ቃል ራሱ አንዳንዴ አይሠራም። ምን አጥፍቻለሁ?


ሴል_በሴል (#2)

ወንድሜ፣ ሁለት ስህተት አለ፤ ሁለቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፦ አድራሻ የሚቆጠረው በባይት ነው፣ @ እና ! የሚያነሱትና የሚያስቀምጡት ግን ሙሉ ሴል (አንድ ሙሉ ቁጥር የሚይዝ የሜሞሪ ክፍል) ነው። ባንተ ማሽን አንድ ሴል 8 ባይት ነው።

18ን 0 ላይ ስታስቀምጥ ከ0 እስከ 7 ያሉት ባይቶች 18 0 0 0 0 0 0 0 ይሆናሉ። ከዚያ 17ን 1 ላይ ስትጽፍ ከ1 እስከ 8 ያሉትን ባይቶች ትረግጣለህ። ፕሮሰሰርህ ትንሹን ባይት ስለሚያስቀድም 0 ላይ ያለው ሴል አሁን 18 + 17×256 ነው፣ ማለትም 4370። ሦስተኛው ሲጻፍ 16×65536 ይጨመርበታል፤ እሱ ብቻውን 1048576 ነው። ደምረው፣ 1052946 ይመጣልሃል። 4113 ደግሞ 17 + 16×256 ነው። 2 ላይ ያለው ትክክል የመሰለህ በላዩ ላይ ገና ምንም ስላልተጻፈበት ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ 24 አሎት ብለህ ያስያዝከው 24 ባይት ነው፤ የሚያስፈልግህ 192 ነው። ተራ 16 ላይ ስትጽፍ ከ16 እስከ 23 ያሉትን ባይቶች ትነካለህ፤ እስከዚህ ድረስ በክልልህ ውስጥ ነህ። ከ17 ጀምሮ ትወጣለህ፤ 23 ላይ ደግሞ ከድንበርህ ባሻገር 7 ባይት ትጽፋለህ። እዚያ ያለው ከሙቀት ቀጥሎ ያስተረጎምከው ቃል ነው፣ ማለትም ሙቀት@። ቁጥሮችህ ትንንሽ ስለሆኑ የምትጽፍበት በአብዛኛው ዜሮ ነው፤ የቃሉን ራስጌ በዜሮ ትደመስሳለህ። ፎርዝ አይከለክልህም፤ ሜሞሪው ያንተ ነውና።

የተስተካከለው ይኸውና፦

ክሪኤት ሙቀት 24 ሴልስ አሎት
ሙቀት 24 ሴልስ ኢሬዝ
: ሙቀት>አድ ( ተራ -- አድ ) ሴልስ ሙቀት + ;

18 0 ሙቀት>አድ !
0 ሙቀት>አድ @ .

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ አሎት ቦታ ይይዛል እንጂ አያጸዳም። ዜሮ ሆኖ ብታገኘው እንኳ በአጋጣሚ ነው፤ ኢሬዙን (በዜሮ የሚሞላውን) አትተወው። ሁለተኛ፣ ለማንበብና ለመጻፍ የተለያዩ ቃላት ከመሥራት ይልቅ አድራሻውን የሚመልስ አንድ ቃል ይሻላል። በዚያ አድራሻ ላይ @ም፣ !ም፣ +!ም ይሠራል። የ5 ሰዓቱን በአንድ ከፍ ለማድረግ 1 5 ሙቀት>አድ +! ማለት ብቻ ነው።

ሴልስ የሚለውን ደግሞ በ8 * አትተካ። ያው ኮድ 32 ቢት ቦርድ ላይ ሲሄድ ሴሉ 4 ባይት ነው፣ 16 ቢት ሲስተም ላይ 2። ኮምፓይለሩ ሴልስን በአብዛኛው ወደ ግራ መግፋት አድርጎ ስለሚያወጣው በፍጥነት በኩልም የምትከፍለው ነገር የለም።


ብየዳ_ቤት (#3)

ሴል_በሴል ያለው ትክክል ነው። የባይት አሬይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የተገላቢጦሹ ስህተት ያጋጥመዋልና እሱን ልጨምር። ለሰባት መስመር ማሳያ (አሃዝን በሰባት መብራት ለሚያሳየው) የሚሆን ሠንጠረዥ ውሰዱ፤ እያንዳንዱ ኮድ ከ255 በታች ስለሆነ ሴል ማባከን አያስፈልግም፦

ክሪኤት ሰባት-መስመር
63 ሲ, 6 ሲ, 91 ሲ, 79 ሲ, 102 ሲ,
109 ሲ, 125 ሲ, 7 ሲ, 127 ሲ, 111 ሲ,
አላይን
: አሃዝ ( ቁ -- ኮድ ) ቻርስ ሰባት-መስመር + ሲ@ ;

10 ባይት ይፈጃል፤ ሲ, አንድ ባይት ነው የሚጽፈው። ሙሉ ሴል በሚጽፈው በ, ቢጻፍ 64 ቢት ላይ 80 ባይት ይሆን ነበር።

በ, ጽፎ በሲ@ ማንበብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ማሳያው ላይ በዓይን ይታወቃል። 64 ቢት ላይ 0 በትክክል ይወጣል፣ ከ1 እስከ 7 ባዶ ይሆናል፣ 8 ሲጠየቅ "1" ይታያል፣ 9 እንደገና ባዶ ነው። ምክንያቱም 8ኛው ባይት የሁለተኛው ሴል መጀመሪያ ነው፣ እዚያ ያለው ደግሞ 6 ነው፣ የ"1" ኮድ። 32 ቢት ቦርድ ላይ 4 ሲጠየቅ "1"፣ 8 ሲጠየቅ "2" ይመጣል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ሽቦ መፈተሽ የለበትም፣ ሠንጠረዡን ይመልከት።

መጨረሻ ላይ ያለውን አላይን አትርሱት። 10 ባይት ከተጻፈ በኋላ ቀጣዩ ነጻ ቦታ ለ4ም ለ8ም የሚካፈል አይደለም። ክሪኤት ራሱ ስለሚያስተካክል ቀጥሎ አዲስ ስም ከመጣ ችግር የለም። ነገር ግን እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ከሲ, በኋላ , የምታስከትሉ ከሆነ ሴሉ ከመስመር ውጭ ይቀመጣል። ኢንቴል ላይ ምንም አይላችሁም፤ ያነባል። ኮርቴክስ-ኤም0 (የትንንሽ ቦርዶች ፕሮሰሰር) ላይ ግን ያልተስተካከለ አድራሻ ላይ @ ማለት ሃርድ ፎልት (ፕሮግራሙን የሚያቆም የፕሮሰሰር ስህተት) ነው። ላፕቶፕ ላይ ወር ሙሉ የሠራ ኮድ ቦርድ ላይ በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ሌላ አንድ ጥቃቅን ነገር፦ በአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፉ ነጠላ ሰረዙ ፣ ሆኖ እንዳይገባ። ለፎርዝ , ቃል ነው፤ ፣ ደግሞ የማያውቀው ሌላ ቃል ነው። ፤ እና ;፣ ፡ እና : እንዲሁ። ስሕተት ቁጥር -13 (ያልታወቀ ቃል) ካያችሁና ቃሉ በዓይን ትክክል ከመሰለ ነጥቦቹን ተመልከቱ።


ጠጠር_ቆጣሪ (#4)

አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። አሁን ከሙቀት ሌላ እርጥበትና ነፋስም አለኝ። ለእያንዳንዱ >አድ የሚል ቃል ከምጽፍ አንድ ጊዜ የሚሠራ መንገድ የለም? እና 24 ሙቀት>አድ ብዬ ብሳሳት ዝም ብሎ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ።


ቀጥታ_አድራሻ (#5)

አለ፤ ፎርዝ አሬይ የሚባል ነገር በቋንቋው ውስጥ ያላስቀመጠውም ለዚሁ ነው። የ1994ቱ የአንሲ ስታንዳርድም ሆነ ፎርዝ 2012 አሬይ የሚል ቃል የላቸውም፤ ክሪኤትንና ዳዝ>ን ይሰጡሃል፣ አሬይህን አንተ ትተረጉማለህ።

ባዶው ቅርጽ ይህ ነው፦

: አሬይ ( ብዛት -- )
  ክሪኤት ሴልስ አሎት
  ዳዝ> ( ተራ አድ -- አድ' ) ስዋፕ ሴልስ + ;

24 አሬይ ሙቀት
24 አሬይ እርጥበት
18 0 ሙቀት !

ከዳዝ> በፊት ያለው አሬዩ ሲፈጠር አንድ ጊዜ ይሄዳል። ከዳዝ> በኋላ ያለው ሙቀት በተጠራ ቁጥር ይሄዳል፤ የአሬዩ መነሻ አድራሻ ስታኩ (ቁጥሮች ተደራርበው የሚቀመጡበት) ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ከሥሩ አንተ የሰጠኸው ተራ ቁጥር አለ።

ድንበር የሚጠብቀው ቅርጽ ብዛቱን በመጀመሪያው ሴል ይይዛል፦

: አሬይ ( ብዛት -- )
  ክሪኤት ዱፕ ,
  ሴልስ ሂር ኦቨር አሎት ስዋፕ ኢሬዝ
  ዳዝ> ( ተራ አድ -- አድ' )
  2ዱፕ @ ዩ< 0= -9 አንድ ስሮው
  ስዋፕ 1+ ሴልስ + ;

በስታኩ ተከተለው። 2ዱፕ ካለ በኋላ ተራ አድ ተራ አድ ነው። @ የመጨረሻውን በብዛቱ ይተካል። ዩ< ያለ ምልክት ስለሚያወዳድር -1 ቢመጣ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ሆኖ ይታየዋል፤ ስለዚህ አሉታዊውንም ከልክ ያለፈውንም አንድ ንጽጽር ይይዛቸዋል። ትክክል ካልሆነ 0= የሚሰጠው -1 ነው፣ ከ-9 ጋር አንድ (ቢት በቢት «እና» የሚለው AND) ሲደረግ -9 ይሆናል፣ ስሮው እንደ ስህተት ይጥለዋል። ትክክል ከሆነ 0 ይደርሰዋል፤ ስሮው ዜሮ ሲያገኝ ምንም አያደርግም። 1+ ያለው የመጀመሪያው ሴል በብዛቱ ስለተያዘ ነው።

< ብለህ ዩ< ን ብትተወው -1 ሾልኮ ያልፋል። 1+ ሲደመርበት ዜሮ ይሆንና በትክክል ብዛቱ በተጻፈበት ሴል ላይ ያርፋል። አንድ ! ብትል ድንበሩ ራሱ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጠባቂው የሚጠብቅልህ ነገር የለም። ይህን ዓይነት ስህተት ማግኘት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የሚታየው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ርቆ ነው።


ሴል_በሴል (#6)

በ#5 ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከዳዝ> በኋላ ስዋፕን የረሳ ሰው ተራ ቁጥሩን ሳይሆን አድራሻውን በ8 ያባዛዋል። የሚወጣው አድራሻ የትም የሌለ ቦታ ስለሆነ ጂፎርዝ ወዲያው -9 (የተሳሳተ የሜሞሪ አድራሻ) ይላል። ድንበር የሚጠብቀውን ቅርጽ የምትጠቀም ከሆነ ያው -9 ከሁለቱም ሊመጣ ስለሚችል ለድንበሩ የራስህን ቁጥር ብትመርጥ ይሻላል፤ ከ-1 እስከ -4095 ያሉት ለስታንዳርዱና ለሲስተሙ የተያዙ ናቸው፣ አዎንታዊ ቁጥሮች ግን ያንተ ናቸው።

ጥበቃው ዋጋ አለው፤ በእያንዳንዱ ጥሪ ሰባት ስምንት ቃል ይጨምራል። በእኔ አስተያየት ሁለቱን ቅርጾች በአንድ ስም በሁለት ፋይል ማስቀመጥ ነው የሚሻለው፦ ስትፈትሽ ጠባቂውን ትጭናለህ፣ ሥራው ሲያልቅ ባዶውን። የጠሪዎቹ ኮድ አይለወጥም።


ብየዳ_ቤት (#7)

ማይክሮኮንትሮለር ላይ ለምትሠሩ፣ #5 እንዳለ አይሄድም። መክሪስፕ-ስቴላሪስን (ለማይክሮኮንትሮለር የተሠራ ፎርዝ) ልጥቀስ፤ ኤስቲኤም32 ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው።

መጀመሪያ፣ እዚያ ክሪኤት ድርጊቱ በኋላ ሊቀየር አይችልም፤ ፍላሽ አንዴ ከተጻፈ በኋላ እንደ ራም አይስተካከልም። ስለዚህ ከዳዝ> ጋር የሚሄደው <ቢልድስ ነው። : አሬይ <ቢልድስ ... ዳዝ> ... ; ብላችሁ ጻፉት።

ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። ኮምፓይልቱፍላሽ (ትርጉሙን ወደ ፍላሽ አስገባ) ብላችሁ ከሆነ አሎትና , የሚይዙት ቦታ ፍላሽ ውስጥ ነው። ማንበብ ይቻላል፣ ስለዚህ @ ይሠራል። ! ግን እንደ ቺፑ ወይ ዝም ብሎ ይጠፋል ወይ ሃርድ ፎልት ያመጣል። ለማይለወጥ ሠንጠረዥ፣ እንደ ሰባት-መስመር ላለው፣ ፍላሽ ተገቢ ቦታው ነው፤ ራም አይበላም። ለሚለወጥ አሬይ ግን በፈር: ተጠቀሙ፤ እሱ ቦታውን ከራም ይወስዳል፦

24 ሴልስ በፈር: ሙቀት
: ሙቀት>አድ ( ተራ -- አድ ) ሴልስ ሙቀት + ;

በፈር: ይዘቱን አያጸዳም። መብራት ሲነሳ ራም ውስጥ የተረፈው ማናቸውም ነገር እዚያ አለ። በማስነሻ ቃላችሁ ውስጥ አጽዱት።

በፈር: ፎርዝ 2012 ላይም ስላለ ኮዱን ላፕቶፕ ላይ ፈትናችሁ ወደ ቦርድ ለመውሰድ ይመቻል።


ጠጠር_ቆጣሪ (#8)

ሁሉንም ደምሬ አማካይ ለማውጣት 0 24 0 ዱ አይ ሙቀት @ + ሉፕ እላለሁ። ይሠራል። ግን በየዙሩ ተራውን አባዝቶ ከመነሻው ጋር መደመሩ አላስፈላጊ ይመስለኛል።


ሴል_በሴል (#9)

ልክ ነህ፤ አድራሻው ራሱ ሉፑን ይምራው፦

: ድምር ( አድ ብዛት -- ድምር )
  0 ሮት ሮት
  ሴልስ ኦቨር + ስዋፕ ?ዱ
    አይ @ +
  1 ሴልስ +ሉፕ ;

0 ሙቀት 24 ድምር 24 / .

ኦቨር + ስዋፕ የሚለው ጂፎርዝ ውስጥ ባውንድስ በሚል ስም አለ፤ መነሻንና ርዝመትን ወደ መጨረሻና መነሻ ይለውጣል። ተራ ቁጥር የለም፣ ድንበር መፈተሽም በየዙሩ አያስፈልግም፤ መነሻውና ብዛቱ ትክክል ከሆኑ ውስጡ ትክክል ነው።

የሚሳሳቱበት ሦስት ቦታ አለ። በ1 ሴልስ +ሉፕ ፈንታ ሉፕ ካልክ በባይት ስለሚራመድ 24 ሳይሆን 192 ጊዜ ይዞራል፤ ከ#1 ያለው ዓይነት ቅልቅል ቁጥር ይደምርልሃል። ?ዱን በዱ ከቀየርክና ብዛቱ ዜሮ ከመጣ መነሻና መጨረሻ እኩል ስለሚሆኑ ዱ አይቆምም፤ ሜሞሪውን ሁሉ እየረገጠ ይሄዳል፣ እስኪወድቅ። ባዶ አሬይ ሊመጣ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ?ዱ ይሁን። ሦስተኛው፣ ከዱ በፊት በ>አር ያስቀመጥከውን ሉፑ ውስጥ ሆነህ በአር@ አታገኘውም፤ የሉፑ መቆጣጠሪያ በላዩ ተቀምጧል። ከሉፑ መሀል በኤግዚት መውጣት ከፈለግህም አስቀድመህ አንሉፕ በል።


የግዕዝ_ኮድ (#10)

ለአማርኛ ጽሑፍ አሬይ የምትጠቀሙ ካላችሁ ሲ@ አይበቃም። ኤስ" ሰላም" የሚለው ርዝመቱ 9 ነው እንጂ 3 አይደለም፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነው። ሰ 225 136 176 ነው፣ ላ 225 136 139፣ ም 225 136 157። ሁሉም በ225 ይጀምራሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ባይት ብቻ ያነበበ ሰው ሁሉንም አንድ ፊደል ያደርጋቸዋል።

ፎርዝ 2012 ለዚህ ኤክስሲ@+ ን ሰጥቷል፦ አድራሻ ይቀበላል፣ ቀጣዩን አድራሻና የፊደሉን ቁጥር ይመልሳል። ዋናው የግዕዝ ክልል ከ4608 እስከ 4991 ነው፤ በትክክል 384 ቦታ። ይህ ለአሬይ የተሠራ ያህል ምቹ ነው፤ 64 ቢት ላይ 3072 ባይት ብቻ ይወስዳል። የ#5ን አሬይ ተጠቅሜ የፊደል ድግግሞሽ የሚቆጥር ይኸው፦

384 አሬይ ድግግሞሽ

: ፊደል? ( ኮድ -- እውነት ) 4608 4992 ዊዚን ;

: ቁጠር ( አድ ርዝመት -- )
  ኦቨር + >አር
  ቤጊን ዱፕ አር@ ዩ< ዋይል
    ኤክስሲ@+ ( አድ' ኮድ )
    ዱፕ ፊደል? ኢፍ
      4608 - ድግግሞሽ 1 ስዋፕ +!
    ኤልስ ድሮፕ ዜን
  ሪፒት
  ድሮፕ አር> ድሮፕ ;

ኤስ" ሰላም ሰላም" ቁጠር
48 ድግግሞሽ @ .

2 ይወጣል። ሰ 4656 ነው፣ 4608 ሲቀነስ 48። ላ 11 ላይ፣ ም 29 ላይ ናቸው፤ እነሱም 2 2። መሀል ያለው ባዶ ቦታ ኮዱ 32 ስለሆነ ፊደል? ያስቀረዋል።

ኤክስሲ@+ን በሲ@ የተካ ሰው ከ255 በላይ ቁጥር ፈጽሞ ስለማያገኝ አሬዩ ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ስህተት ግን አይነገረውም። ሌላው፣ ርዝመቱን በፊደል ቆጥሮ 7 ብሎ የሚሰጥ ሰው አለ፤ "ሰላም ሰላም" 19 ባይት ነው። በ7 ቢጠራ ሦስተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ባይቱ ላይ ስለሚነሳ ሰ፣ ላ፣ ም ተቆጥረው ሁለተኛው ቃል ይቀራል፤ መልሱ 1 1 1 ይሆናል። ትክክል ስለሚመስል አደገኛ ነው።

ሰንጠረዡ ውስጥ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ 8 ቦታ ይዟል። ስለዚህ ከ344 በታች ባለ ተራ ላይ 7 አንድ ብትሉ ቤቱን ታገኛላችሁ፤ 48 ላይ 0 ነው፣ ግዕዝ። 11 ላይ 3፣ ራብዕ። 29 ላይ 5፣ ሳድስ። 7 የሚሰጡት እንደ ሏ ያሉት ናቸው። ከ352 ጀምሮ ያለው ሥርዓተ ነጥብና አኃዝ ነው፤ ለእነሱ ይህ ሂሳብ አይሠራም።


ቀጥታ_አድራሻ (#11)

እህቴ፣ ይህ እንግዲህ ራሱ ባለሁለት አቅጣጫ አሬይ ነው፤ 48 ረድፍ በ8 ዓምድ። በዚያው ይቀመጥ ከተባለ፦

: ሠንጠረዥ ( ረድፍ ዓምድ -- )
  ክሪኤት ዱፕ , * ሴልስ አሎት
  ዳዝ> ( ረ ዓ አድ -- አድ' )
  ዱፕ ሴል+ >አር
  @ ሮት * +
  ሴልስ አር> + ;

48 8 ሠንጠረዥ ፊደላት

የሚያዘው የዓምዱ ብዛት ብቻ ነው፤ የረድፉ ብዛት ለስሌቱ አይገባም። ሰ ረድፍ 6 ዓምድ 0 ነው፤ 6 0 ፊደላት ብሎ 6×8+0፣ ያው 48 ላይ ያርፋል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ 0 6 ብሎ ሆ ላይ ይደርሳል። 48 8 /ሞድ ብላችሁ ከሆነ የምታገኙት ቀሪውን ከታች፣ ውጤቱን ከላይ ስለሆነ ስዋፕ ያስፈልጋል፤ ብዙው መገልበጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ በጠቅላላው ብዛት ብቻ መፈተሽ አይበቃም። 2 9 ፊደላት ብትሉ 25 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ረድፍ 3 ዓምድ 1 ነው። ከ384 በታች ስለሆነ ያልፋል። ዓምዱ ለብቻው ከ8 ማነሱ ይፈተሽ።


ጠጠር_ቆጣሪ (#12)

ስንት መለኪያ እንደሚመጣ አስቀድሜ የማላውቅ ከሆነስ? አሎትን እየደጋገምኩ ማስፋት ይቻላል?


ሴል_በሴል (#13)

በመሀል ምንም ካልተረጎምክ ብቻ። አሎት የሚጨምረው ከሂር (ቀጣዩ ነጻ ቦታ) ላይ ነው። ከአሬዩ በኋላ አንድ ቃል ከተረጎምክ አዲሱ ቦታ ከዚያ ቃል ወዲያ ነው የሚሆነው፤ አሬዩ አይቀጥልም፣ አንተ ግን በተራ ቁጥር ስትሄድ የቃሉን አካል ታልፋለህ።

ለዚህ አሎኬት ነው፦

0 ቫልዩ ቋት
1000 ሴልስ አሎኬት ስሮው ቱ ቋት
ቋት 1000 ሴልስ ኢሬዝ
: ቋት>አድ ( ተራ -- አድ ) ሴልስ ቋት + ;

ለማስፋት ቋት 2000 ሴልስ ሪሳይዝ ስሮው ቱ ቋት። ሪሳይዝ ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ስለሚችል ቀደም ሲል ከቋት>አድ ያገኘኸውን አድራሻ ይዘህ አትቆይ፤ ከሪሳይዝ በኋላ እንደገና አስላ። ስትጨርስ ቋት ፍሪ ስሮው።

አድራሻውን በኮንስታንት ያዝኩት የሚል ካለ፣ ሲስተሙን ወደ ምስል ፋይል አስቀምጦ ሲያስነሳው ቁጥሩ ይተርፋል፣ ሜሞሪው ግን የለም። አሎኬቱ በማስነሻ ቃል ውስጥ ይሁን።


ጠጠር_ቆጣሪ (#14)

ሙቀቱን በባይት አሬይ አድርጌ ቦታ ቆጠብኩ፤ ለሊት -5 ያስቀመጥኩበት ግን 251 ሆኖ ይነበባል።


ብየዳ_ቤት (#15)

ሲ@ ምልክት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከ0 እስከ 255 ነው የሚሰጠው። -5 ሲጻፍ የሚቀረው የመጨረሻው ባይት ነው፣ 256 ሲቀነስ 5፣ 251። ሲነበብ ምልክቱን መልስለት፦

: ባ@ ( አድ -- ዋጋ ) ሲ@ ዱፕ 127 > ኢፍ 256 - ዜን ;

በዚህ የምትይዘው ከ-128 እስከ 127 ነው። በአሥረኛ ዲግሪ የምትለካ ከሆነ፣ ማለትም 18.4ን 184 አድርገህ፣ ባይት አይበቃህም፤ ወደ ሴል ተመለስ ወይም ሲስተምህ የ16 ቢት ማንበቢያ ካለው በእሱ። 16 ቢት ስታነብም ያው ነው፤ ከ32767 ሲያልፍ 65536 ትቀንሳለህ።

ጥርጣሬ ሲኖርህ ደግሞ አትገምት፣ ባይቱን ተመልከት፦ 0 ሙቀት 32 ዳምፕ። የሴል አሬይ ከሆነ እያንዳንዱ ትንሽ አዎንታዊ ቁጥር አንድ ባይት ይዞ ሰባት ዜሮ ይከተለዋል፤ ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ካየሃቸው የጻፍከው በባይት እርምጃ ነው።


ጠጠር_ቆጣሪ (#16)

በዳምፕ አየሁት፣ ተጣብቀው ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ሴልስ ረስቼ ነበር። አስተካክዬ አሁን ይሠራል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀትን ጎን ለጎን 9 , 24 , ብዬ አስቀምጬ በ2@ ሳነሳ ተገልብጦ ይመጣል። ይህ ትክክል ነው?


ቀጥታ_አድራሻ (#17)

ትክክል ነው። 2@ አድራሻው ላይ ያለውን ሴል ስታኩ ጫፍ ላይ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ያለውን ከሥሩ። ስለዚህ 24 9 ሆኖ ይቀመጣል፤ 9 ከላይ። 2! በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ስለሚጽፍ በሁለቱ ብቻ ከሠራህ አይታወቅህም። በ, የጻፍከውን በ2@ የምታነሳ ከሆነ ግን ከፍተኛውን አስቀድመህ 24 , 9 , በል፤ ያን ጊዜ 9 24 ሆኖ ይመጣልሃል፣ ዝቅተኛው ከሥር፣ ከፍተኛው ከላይ።